ዘንጉ የቆመበት ቦታ

ልብስ ሰፊዋ ተራራ ልትወጣ ነው ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። ይሳቅ። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ግን የሳቁባትን ሁሉ ያስከነዳል። ሃምሳ ዓመት የስፌት መኪና ፔዳል የረገጠ እግር፣ ቁጭ ብሎ አገር ያቋረጠ እግር ነው። የሚያሳስበው የእሷ እግር አልነበረም፤ የባሏ ዓይን ነበር።

ባሏን ሰው ሁሉ «ዘንጉ» ነው የሚለው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመሬት ቀያሾች ረዳት ነበር። ቀያሹ ባለ ሦስት እግሩን መነጽር ተክሎ ባንድ ዓይኑ ሲያጮልቅ፣ እሱ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ ይዞ እዚያ ማዶ ይገተራል፤ ገደል አፋፍ ላይ፣ ወንዝ ውስጥ፣ እሾህ መሀል። ሥራው መቆም ነበር። መቆም ምን ሥራ አለው የሚል ካለ አንድ ቀን ነፋስ ላይ ቆሞ ይየው። ቀጥ ብሎ ከመቆሙ የተነሳ የራሱ ስም ተረስቶ ዘንጉ ሆኖ ቀረ። አሁን ዓይኑ ደክሟል። ሐኪሙ መብራት እያበራ ሁለቱንም ዓይኖቹን ካየ በኋላ «ባለበት ከቆየልን ጥሩ ነው» ብሏል። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ፊቱ የቆመውን ሰው የሚለየው በድምፁ ነው።

ነገሩ የተነሳው ከሬዲዮ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እሷ የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ ትቀመቅማለች፤ እሱ አጠገቧ ካለች ዱካ ላይ ተቀምጦ ቁልፎችን በጣቱ እየዳበሰ ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ ይለያል። ይህን ሥራ የሰጠችው እሷ ናት፤ ዓይኑ ቢደክም እጁ ለምን ይቦዝናል ብላ። ሬዲዮኑ የክፍለ ሀገሩ ካርታ እንደ አዲስ ሊሠራ ነው አለ። ከሰማይ በሚለካ መሣሪያ፣ ዝናቡ እንዳበቃ፣ ከተራራው ጫፍ ይጀመራል አለ።

የቁልፉ ጣሳ ከእጁ ወደቀ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«ምንም ነው ቁልፌን ወለሉ ላይ የበተነው?»

እሷ ተንበርክካ ትለቅም ጀመር። ቆይቶ ከላይ ሆኖ፣ «ያንን ተራራ የለካነው እኛ ነን» አለ።

«እሱንማ ሰምተናል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እኮ ነው የምትለካው።»

«ጫፉ ላይ መቆሜን ግን አላውቅም።»

መልቀሟን ተወች።

«ጉም ነበር» አለ። «ክንድህን ብትዘረጋ ጣትህ አይታይህም። ቀያሹ ከታች፣ ደልዳላው ሜዳ ላይ ነው፤ እኔ ዘንጌን ተሸክሜ ወጣሁ። አንድ ጉብታ ላይ ደረስኩ። ጉሙ ለአፍታ ገለጥ ሲል ከፊቴ ሌላ ጉብታ አየሁ። ይብለጥ ይነስ አልለየሁትም፤ ወዲያው ተከደነ። ሄዶ ማየት ነበረብኝ። አልሄድኩም። ‹ጫፉ እዚህ ነው!› ብዬ ተጣራሁና ዘንጌን ተከልኩ። ጉሙ ሲሳሳ ቀያሹ አነበበ፣ ጻፈ። በኋላ እዚያው ላይ የሲሚንቶ ምሰሶ ቆመ። ልጆች በትምህርት ቤት የሚሸመድዱት ቁጥር ያ ነው።»

«ቀያሹ ራሱ ዓይን አልነበረውም?»

«ቀያሽ የሚያየው ዘንጉን ነው። ዘንጉ የት እንደቆመ የሚያውቀው የያዘው ሰው ብቻ ነው። ሥራችን እንዲህ ነው፤ ያዡ ከዋሸ ካርታው ይዋሻል።»

«እና ለምን ሄደህ አላየህም?»

«ቸኩዬ ነበር።»

«ምን አስቸኮለህ?»

«ቸኩዬ ነበራ!»

ጉብታው ላይ እንደሚቆመው ሁሉ ነገርም ላይ ሲቆም አይነቀነቅም፤ ስለዚህ ለጊዜው ተወችው። «ምናልባት እኮ ጫፉ ላይ ነው የቆምከው» አለችው።

«አርባ አራት ዓመት የተኛሁት ‹ምናልባት› ላይ ነው። እነዚያ አዲሶቹ ቀያሽ ልጆች ማሽናቸውን ይዘው መጥተው በሬዲዮ ከሚነግሩኝ፣ ቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ። ዋሽቼ እንደሆነ ዋሽቻለሁ፤ ልወቀው። ግን ዓይን የለኝም።» ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ አዞርኩ ብሎ ነው እንጂ ስቶ ወደ መስኮቱ ነው ያዞረው። «አንቺ ታዪልኛለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ከወለሉ ተነስታ እሱ ወዳየበት፣ መስኮቱ ሥር ሄዳ ቆመች። «አይልሃለሁ» አለችው።

ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው ይህን ስትሰማ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ መጣች።

«እማዬ፣ ጤነኛ ነሽ? እሱ አያይም፣ አንቺ ደግሞ ሰባ አልፎሻል!»

«ሰባ ያለፈው ዕድሜዬ ነው፤ እኔ ገና ነኝ።»

«አባዬ ቢወድቅስ?»

«እኔ ላይ ነው የሚወድቀው። ስንቴ ወድቆብኛል። አሁን ቆመሽ ከምትለፈልፊ ለአባትሽ የሚሆን ወፍራም ካልሲ ፈልጊ።»

ልጅቷ እናቷን ስለምታውቃት ካልሲውን ፈለገች።

ዘንጉ ለልኬቱ የሚሆነውን ራሱ አሰበው። ክንድ የሚያህል እንጨት ወስዶ ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስደገፈበት፤ የቱቦው ሁለት ጫፎች እንደ ቀንድ ወደ ላይ ቀና ብለዋል። እሷ በድርብ ክር ጥፍር አድርጋ አሰረችለት። ውሃ ሲሞላበት በሁለቱ ቀንዶች ውስጥ ያለው ውሃ እኩል ይቆማል፤ እንጨቱን ብታጣምመው እንኳ ውሃው አይጣመምም። ግንበኛ ውሃ ልክ የሚለው ነገር ነው። ባንደኛው ውሃ አናት ላይ ሌላኛውን አስተካክለህ አሻግረህ ስታይ፣ ከመስመሩ በላይ የቀረው ካንተ ዓይን ይበልጣል፤ ከበታች የሆነው ያንሳል። ሃምሳ ዓመት የቀሚስ ጠርዝ ከወለል እኩል መሆን አለመሆኑን ሩቅ ቆማ የለየች ሴት ይህን ለመልመድ አንድ ከሰዓት በኋላ በቃት።

በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዱ። መንገዱ ከሚያልቅበት ወርደው መውጣት ሲጀምሩ ከሱሪ የተረፈ ጨርቅ ወገቧ ላይ አስራ ጫፉን አስያዘችው። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ።

«ድንጋይ። ከፍ አድርግ። ቀኝ። ቀኝ አልኩህ፣ ቀኝህ የቱ ነው? ጭቃ። ሥር አለ፣ እንዳይጠልፍህ።»

«ወደ ላይ ሲወጣ አይወራም፤ ትንፋሽ ይጨርሳል» አላት።

«እሺ ዝም ልበልና ግንባርህን ግንድ ያናግረው።»

ትንሽ እንደሄዱ እሱ ከኋላ፣ «አሁን በግራ በኩል ተሰንጥቆ የቆመ ትልቅ ድንጋይ አለ» አለ። አለ። «ከዚያ መንገዱ ይታጠፋል።» ታጠፈ። ዓይን ያላት እሷ፣ መንገዱን የሚያውቀው እሱ። ልብስ ሰፊዋ ይህ ነገር ደስ አላት፤ እንዳይኮራ ብላ ግን አልነገረችውም። ሦስት ጊዜ አረፉ። በሁለተኛው ዕረፍት ጫማውን አውልቃ እግሩን አሸችለት፤ ሰው ሲመጣ ሰማችና ጠጠር እየፈለገች እንደሆነ አስመሰለች።

ምሰሶው ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አናት ላይ አልወጣችም። ቀድመዋቸው የደረሱ ባልና ሚስት ነበሩ፤ በደንብ የለበሱ፣ ጎልማሶች። ተራ በተራ ምሰሶውን እያቀፉ ፎቶ ይነሳሉ።

«እናታችን! አባታችን! እንኳን ደረሳችሁ!» አለች ሴቲቱ፤ አጨበጨበችላቸው። «በዚህ ዕድሜ! ኑ፣ ላንሳችሁ።»

«ምን ተጽፏል?» አለ ዘንጉ ምሰሶውን እየዳበሰ።

ባልየው ጮክ ብሎ አነበበ። «የክፍለ ሀገሩ ከፍተኛው ቦታ ይላል። ከሥሩ ቁጥሩ አለ። በየዓመቱ እንመጣለን እኮ፤ የታጨነው እዚሁ ምሰሶ ሥር ነው። ‹ከዚህ በላይ የምወስድሽ ቦታ የለም› ብዬ ነው ያሳመንኳት።» ሳቁ።

ዘንጉ አልሳቀም። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ሄደበት፤ ልክ ቁልፎቹን እንደሚዳብስ። ልብስ ሰፊዋ ፊቱን አየች። በጋብቻ ዘመኗ ሁሉ እንዲህ ያለ ፊት አይታበት አታውቅም፤ የሰው ልጅ ገንዘብ ሰርቆ እንኳ እንዲህ አይሆንም። ባልና ሚስቱ ተሰናብተው እስኪወርዱ ድረስ ጠበቀች።

«ማዶ ላይ ጉብታው አለ?» አላት ሲቀሩ።

«አለ። መሀል ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፣ ቁጥቋጦ የበዛበት። ከዚያ ወዲያ እንደ ጀርባ የተነሳ ድንጋይ።»

«ይበልጣል?»

«በዓይንማ ያነሰ ይመስላል።»

«መምሰሉን አልጠየቅኩሽም። ውሃውን አውጪ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ። እንዳታዝኚልኝ። ያየሽውን በይ።»

«እኔ? ለማን አዝኜ አውቃለሁ?»

እውነቷን ነው። ወፍራ የመጣችን ደንበኛ ወፍረሻል፣ ሜትሬ አይዋሽልሽም ብላ የምትመልስ ሴት ናት። በዚህ ምላሷ ያጣቻቸው ደንበኞች ሌላ ልብስ ሰፊ ያበላሉ። ምሰሶው አጠገብ ቀጥ ብላ ቆመች፣ እንጨቱን በሁለት እጇ ዓይኗ ትክክል አነሳች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ውሃውን ከውሃው አስተካከለች።

መስመሩ የማዶውን ድንጋይ ሆዱ ላይ ቆረጠው። ከመስመሩ በላይ አንድ የቆመ ሰው የሚያህል ድንጋይ ቀረ።

እንጨቱን አወረደች። እንደገና አነሳች። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አየች፤ ድንጋይ ምን ያውቃል፣ ንቅንቅ አላለም።

ዘንጉ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ቆሟል፤ አሁን አልሳተም። እጆቹን ጎኑ ላይ ለጥፏል። በወጣትነቱም እንዲህ ነበር የሚቆመው። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቃል ብቻ አሰበች። «ያንሳል» ብትለው በቃ፤ ቤቱ ገብቶ እንቅልፉን ይተኛል። ማን ያውቃል? ማሽኑ መጥቶ እስኪለካ ድረስ፣ ያውም ሬዲዮኑን ከደበቀችበት፣ ስንት ወር ያተርፋል። ቃሉ ምላሷ ላይ መጣ። ቀመሰችው። ጠማማ ስፌት የሰፋች መሰላት።

«መጀመሪያ ምን እንዳስቸኮለህ ንገረኝ» አለች።

«መልሱን አላወቅሽውም ማለት ነው?»

«አውቄዋለሁ። ምክንያቱን ሳትነግረኝ አልነግርህም።»

የምሰሶውን ጠርዝ በመዳፉ ዳበሰ። ከዚያ፣ «ያን ዕለት ጠዋት ሠፈራችን ድረስ ሰው መጣ» አለ፤ ሠፈር የሚለው ቀያሾች ፊልድ ላይ ድንኳን የሚተክሉበትን ነው። «ሚስትህ ምጥ ይዟታል፤ ያለ ወሯ ነው፣ ደህና አይደለችም አለኝ። ቀያሹን ልሂድ አልኩት። ‹ጫፉን ካስነበብከኝ በኋላ› አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጉሙ ከዘጋ ሳምንት እንደምንቆይ ያውቃል። እኔ በዚያ ጉም ውስጥ ሌላውን ጉብታ ስፈልግ፣ ስወጣ፣ ስመለስ ግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ የደረስኩበት ላይ ቆሜ ጫፍ ነው አልኩ። ከዚያ እስከ ከተማ ድረስ ሮጥኩ።»

ልብስ ሰፊዋ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠች።

ያቺን ልጅ ቤታቸው ውስጥ ማንም አያነሳትም። የመጀመሪያዋ ናት። ስም ሳይወጣላት፣ በተወለደችበት ቀን አመሻሹን ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ደም ሲፈስሳት ራሷን ስታ ነበርና ወልዳ እንኳ አላየቻትም፤ በማግስቱ ስትነቃ የሕፃኗ አልጋ ባዶ ነበር። ባሏ ደርሶ እንደነበር ነርሷ ነገረቻት። ቀያሹ ደግ ሰው ነው፣ ለቀቀው ብላ ነው ስታስብ የኖረችው።

«አርባ አራት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «ያንን ቀያሽ ስመርቀው ኖርኩ! ለሚስቱ ቀሚስ ሰፋሁላት! ያውም ባለ ሽንሽን!»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅህ ታያለህ?»

«ምን ልበልሽ? ‹አትስፊላት፣ ዋሽቼ ነው የመጣሁት› ልበል? ሥራዬ ነው። ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረኝም።»

እጁን ይዛ ሳበችውና አጠገቧ አስቀመጠችው። አሁን ነገሩ ገባት። ያንሳል ካለችው አልዋሸም ማለት ነው፤ ምንም ሳይሰጥ፣ ምንም ሳይከፍል ነው ወደ ልጁ የሮጠው። አይሆንም። ይህ ሰው የከፈለውን ይወቅ።

«ዋሽተሃል» አለችው።

ትከሻው ወረደ። «በስንት?»

«እኔና ሌላ ሰው ብንደራረብ።»

«ሦስት ሜትር» አለ። «ከምናምን።» ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ልብስ ሰፊዋ ያለቅሳል ብላ ነበር፤ አላለቀሰም። ጠባብ ጫማ ያወለቀ ሰው ይመስላል። «ሦስት ሜትር። እሺ። ልጆቹ ሲመጡ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ማሽኑ አይደለም የሚያጋልጠኝ።»

«ንገራቸው። የሚቆጣ ካለ ደግሞ ወደ እኔ ላከው።»

«እነዚያ ባልና ሚስትስ? ከዚህ በላይ ቦታ የለም ተብላ እኮ ነው ያገባችው።»

«አንዴ አግብታዋለች፤ በሦስት ሜትር አትፈታውም።»

ይኼኔ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ፣ «ይዘሽኝ ሂጂ» አላት።

ቁጥቋጦው ክፉ ነበር። ቀሚሷን ሁለት ቦታ ቀደደባት፤ የራሷ ስፌት አለመተርተሩን ግን ቆም ብላ አረጋገጠች። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ በእግር የሚወጣ አልሆነም። እሷ በአራት እግሯ ወጣች፣ ዞራ ተቀመጠች፣ በጨርቁ ሳበችው፤ እሱም እየዳበሰ፣ እያቃሰተ፣ «ቀስ! ወገቤን ልትበጥሽው ነው!» እያለ ወጣ። ላይ ምንም ነገር የለም። ምሰሶ የለም፣ ጽሑፍ የለም፤ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ደረቅ ሣርና አንድ የደነገጠ እንሽላሊት ብቻ። ምሰሶው እታች፣ ማዶ፣ ትንሽ ሆኖ ይታያል።

ዘንጉ ቆመ። እግሩን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ዘርግቶ ዳሰሰ። በየትም በኩል ከፍ የሚል ነገር አጣ። እሷ እንዳይወድቅ የኮቱን ጀርባ ጨምድዳ ይዛለች። ነፋሱ ይገፋቸዋል። አንድ ሰው ዘንግ አንብቦ እስኪጽፍ ያህል ቆይቶ፣ «በቃ» አለና ተቀመጠ።

ጎን ለጎን ሆነው ውሃ ጠጡ። ልብስ ሰፊዋ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ያሰበችውን ሳትናገር ውላ አታውቅም፤ አንዲት ጥያቄ ግን አርባ አራት ዓመት ሳትጠይቃት ኖራለች። መልሱን ብቻዋን የማትችለው ይመስላት ነበር።

«ስትደርስ» አለች፣ ፊቷን ወደ ማዶ አድርጋ፣ «በሕይወት ነበረች?»

«ነበረች።»

«ስንት ሰዓት ቆየች?»

«ሦስት ሰዓት ያህል። እቅፌ ውስጥ ነበረች። ነርሷ ልውሰዳት ስትለኝ እንቢ አልኩ።»

ልብስ ሰፊዋ የቀሚሷን ቅዳጅ በጣቷ ገጠመችው፣ ለቀቀችው፣ እንደገና ገጠመችው።

«ዓይኗን ገልጣ ነበር?»

«አንደኛውን። አንደኛውን ከፍታ አየችኝና ምኑ ነው የመጣብኝ ያለች ይመስል ዘጋችው።»

«እኔን ነው የመሰለችው።»

«አንቺን ነው። ከዚያ አስነጠሳት።»

«ምን?»

«አስነጠሳት! ካፖርቴ ያ ፀጉራሙ ነው፣ እርጥብ ነበር፤ አፍንጫዋ ውስጥ ገብቶባት መሰለኝ። ሁለቴ። ከእሷ የማይጠበቅ ድምፅ ነው ያወጣችው፤ ነርሷ እንኳ ዞራ አየች። ሦስተኛው ሊመጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ፊቷን አጨማደደች፣ አጨማደደች፣ ተወችው።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ እሱ በድምፁ ለየውና እጇን ፈልጎ ያዘ። እንባዋን አልጠረገችም። ማን ያይብኛል ብላ ነው፤ ደግሞም አላፈረችም። አርባ አራት ዓመት ፊት ያልነበራት ልጅ አሁን ፊት አላት፤ ያውም የተጨማደደ፣ የተቆጣ፣ የእሷው ፊት።

ፀሐይ አናታቸው ላይ ደርሳለች። ለመውረድ ገና ብዙ ጊዜ አላቸው። ከሱሪ የተረፈውን ጨርቅ ከወገቧ ፈታች፣ አጥፋ ሥሩ አነጠፈችለት፣ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«ሌላስ?» አለችው። «ጣቷስ? አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።»